ጋሼ ለፍልሰታ አረቄ በአንዴ ላቁም እያለ ነው፣ አምና ሲያቆም ግን ወድቆብናል። ማን ላይ ነው የሚከፋው?

የሸዋዋ

ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ። ታላቅ ወንድሜ 51 አመቱ ነው፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። አረቄ ይጠጣል። በየቀኑ። ወደ 15 አመት ይሆነዋል። ድሮ ማታ ማታ ብቻ ነበር አሁን ግን ጠዋት ሲነሳ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት መለኪያ ካልቀደመለት ቡና መጠጣት አይችልም፣ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞት እንኳን ቡናው ጭኑ ላይ ይፈሳል።

ዘንድሮ ማንም ሳይለምነው በራሱ ጊዜ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን ልጹም፣ ጸበል ልግባ፣ በዛው ላቁም አለ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ ምክንያቱም አምናም አቢይ ጾም ሲገባ እንዲሁ በአንዴ አቁሞ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ሲገላበጥ አደረ፣ በማግስቱ ከሰአት ሽንት ቤት በር ላይ ወደቀና አረፋ ደፈቀ። ሶስተኛው ሌሊት ከሞተው አባታችን ጋር ማውራት ጀመረ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን አለ እያለ በጣቱ ሲለቅም ነጋ። ጎረቤቱ ሁሉ መንፈስ ነው አለ። በመጨረሻ አጎታችን አረቄ አምጥቶ አጠጣው፣ ቀስ በቀስ ረገበ፣ በዛው ቀጠለ።

የቸገረኝ ነገር ከጋሼ ጋር አንድ ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ የኖረ ጓደኛው አለ፣ እሱ ካቻምና በአንድ ቀን አቁሞ ሁለት ቀን ራሱን አሞት በቃ አለቀ። ሰው ሁሉ ጋሼን "እሱ እንዴት ቻለ፣ አንተ ልብህ ስላልቆረጠ ነው" ይለዋል። እውነት ነው? የሚብስበት ሰው አስቀድሞ መለየት ይቻላል ወይ? ቀኑ እየደረሰ ነው።

ሰላም ይብዛ

እህቴ አይዞሽ። እኔም በአንዴ ነው ያቆምኩት፣ ቢራ ነበር የምጠጣው፣ አርብና ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር፣ አንዳንዴ እሁድም። ትንሽ እንቅልፍ እምቢ አለኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። እንደኔ ብዙ ውሃ ይጠጣ፣ ስራ ይብዛበት፣ ከነዛ ጓደኞቹ ይራቅ።

ሲስተር ከድንገተኛ

ወንድሜ ያንተን አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው፣ አትቀየመኝ። ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይቀምስ አርብ ላይ የሚጠጣ ሰውና አንጎሉ ለ15 አመት በየቀኑ አልኮል የለመደ ሰው ሲያቆሙ የሚገጥማቸው አንድ አይደለም።

የሸዋዋ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሰራው፣ ይሄን ነገር በየሳምንቱ ነው የማየው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አልኮል አንጎል ላይ እንደ ፍሬን ነው የሚይዘው። ሰውየው በየቀኑ ፍሬን ሲይዝበት አንጎሉ ደግሞ ስራውን ለመስራት ነዳጁን እየረገጠ ይለምዳል። ድንገት ፍሬኑ ሲለቀቅ ነዳጁ እንደተረገጠ ነው ያለው። መንቀጥቀጡ ላቡ የልብ ምቱ መፍጠኑ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ እሱ ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 ሰአት ጀምሮ ይመጣል። የሚጥለው ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰአት ውስጥ ነው። ከሌሉ ሰዎች ጋር ማውራት፣ የሌለ ነገር መልቀም፣ ቀንና ቦታ መጥፋት ከትኩሳትና ከላብ ጋር ከመጣ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ነው፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ነው የሚነሳው። አንቺ የጻፍሽው የጋሼ ሶስት ቀን ቁጭ እሱን ነው የሚመስለው፣ እኔ መዝገብ ላይ ከምጽፈው አይለይም።

ሁሉም ላይ አይመጣም። በየቀኑ ሲጠጡ ኖረው ከሚያቆሙ 100 ሰዎች ዲሊሪየሙ የሚይዘው ከ3 እስከ 5 የሚሆኑትን ነው። ግን የያዘው ሰው ሳይታከም ከቀረ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ ህክምናው ባልነበረበት ዘመን ከያዛቸው እስከ 35 በመቶ የሚሞቱበት ጊዜ ነበር፣ በደንብ ሲታከም ግን ከ5 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ ልክ ነው፣ ዋናው ነገር ማን እንደሚያዝ ቀድሞ ማወቅ ነው።

ከሁሉም በላይ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ወይም ተቃዥቶ ያውቃል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ሌላውን ሳልሰማ ቤት እንዲያቆም አልመክርም። ጋሼ ሁለቱም ነበረበት። ጓደኛው ምናልባት አንዱም አልነበረበትም። የልብ መቁረጥ ጉዳይ አይደለም እህቴ፣ እባክሽ እንደዛ የሚሉትን ዝም አሰኚልኝ፣ ይሄን ቃል የሰማ በሽተኛ ነው ሆስፒታል ለመምጣት አፍሮ ቤቱ የሚሞተው።

ከዛ ቀጥሎ ስንት ይጠጣል፣ ስንት አመት፣ ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ይጠጣል ወይ የሚለው ነው። እድሜም አለ፣ የ25 አመቱና የ51 አመቱ አይተካከሉም። ሌላ በሽታ ካለበት ይብሳል፣ የሳንባ ምች፣ ጉበት፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ከሆነ። ምግብ የማይበላ ከሆነ፣ አረቄ የሚጠጣ ሰው ደግሞ መች ይበላል፣ በደሙ ውስጥ ፖታሺየምና ማግኒዚየሙ ስለሚወርድ አንጎሉም ልቡም አብሮ ይናወጣል። እና አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ምልክት፣ አፉ ገና አረቄ አረቄ እየሸተተ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ማለት አልኮሉ ከደሙ ሳይወጣ ማቆሙ ከታወቀው፣ ያ ሰው በጣም ያሰጋኛል።

እኛ ጋ በብዛት የሚመጡት ደግሞ ለማቆም ብለው ያቆሙ አይደሉም። እግሩ ተሰብሮ አጥንት ክፍል የተኛ ሰው ነው። ትጠጣለህ ወይ ስንለው ሚስቱ አጠገቡ ስለቆመች "አልፎ አልፎ" ይላል። ሶስተኛው ቀን ግሉኮሱን ነቅሎ በተሰበረ እግሩ ተነስቶ "መኪናዬን ልዩልኝ" ይላል፣ መስኮት የሚከፍትም አለ። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል፣ አልጠጣም ብለው ምለው በኋላ ልጃቸው ሲነግረን ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጠላ ነው። ጠላን መጠጥ ብሎ የሚቆጥረው የለማ። ታስሮ፣ ገንዘብ አጥቶ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ያቆመም አንጎሉ አይለይለትም፣ ያው ማቆም ነው።

የማርያም ልጅ

ሲስተር ለማክበር ነው፣ ግን እኔ ጸበል ቦታ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፣ ለብዙ አመት የጠጡ ሰዎች ሲፈወሱ በአይኔ አይቻለሁ። ሰው በራሱ ፈቃድ ልጹም ሲል ሆስፒታል ሂድ ማለት ተስፋ ማስቆረጥ አይሆንም ወይ? ደግሞ ያ ከሞተ ሰው ጋር ማውራት እናንተ የምትሉት ብቻ ነው ብዬ አልቀበልም።

ዳግም ልደት

የማርያም ልጅ እኔ ልመልስልህ፣ ጸበልም ገብቻለሁ ሆስፒታልም ተኝቻለሁ፣ ዛሬ ካቆምኩ 6 አመት ሆኖኛል ለሱ ክብር ይግባው።

አራት ጊዜ ነው ያቆምኩት። የመጀመሪያው ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አስመለሰኝ፣ በአራት ቀን ለቀቀኝ። ቀላል ነው ማለት ነው ብዬ ከወር በኋላ ጀመርኩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ድምጽ መስማት መጣ፣ ኮርኒሱ ላይ ሰዎች ስሜን እየጠሩ ይስቁብኛል። ሶስተኛው ጊዜ ወደቅኩ። መጠኑ አልጨመረም እኮ፣ እንደውም የመጨረሻው አመት ላይ ቀንሼ ነበር፣ ግን ባቆምኩ ቁጥር የባሰ ነው የመጣብኝ። በኋላ ሀኪሙ ሲያስረዳኝ አንዴ ከሰል የሆነ እንጨት ሁለተኛ ሲለኮስ ቶሎ ነው የሚይዘው አለኝ፣ አንጎልም በየማቆሙ እንደዛ ይሆናል። ስለዚህ አምና የሆነውን አይተሽ "አምናም ተርፏል ዘንድሮም ይተርፋል" እንዳትይ እህቴ። የአምናው ለዘንድሮው ማስጠንቀቂያ ነው።

የወደቅኩ ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዬ ስር ይይዝልኛል፣ አንዱ ጥርሴን ለማላቀቅ ማንኪያ ይከታል። ስነቃ ከንፈሬ ተቃጥሎ አንድ ጥርሴ ተሰብሮ ነበር። በደግነት ነው ያደረጉት አልቀየምም፣ ግን እባካችሁ የወደቀ ሰው ስታዩ በጎኑ አስተኙትና አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አንሱ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰአት እዩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ድጋሚ ከጣለው ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ከዛ አንድ ጤና ተቋም ወሰዱኝ፣ ስለመጠጥ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አፍሬ አልተናገርኩም፣ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድሃኒት ተሰጠኝ። እሱን እየዋጥኩ እጠጣ ነበር። አራተኛው ላይ ነው እናቴ እጄን ይዛ ወስዳ "ልጄ በቀን ይሄን ያህል ይጠጣል" ብላ የተናገረችው። ስድስት ቀን ተኛሁ። እንደወጣሁ ጸበል ገባሁ፣ ለአንድ ወር። ያኔ ጸሎቱን እሰማው ነበር፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜያለሁ። ሶስተኛው ጊዜ የሄድኩት ግን የት እንዳለሁም አላውቅ ነበር፣ ታስሬ ነው የነበርኩት። መጀመሪያ ሰውነት ይረጋጋ፣ ከዛ ጸበሉ።

የማርያም ልጅ

ወንድሜ እግዚአብሔር ያጽናህ። ታስሬ ነበር ያልከው ልቤን ነካው፣ እንደዛ የሚሆኑ አይቻለሁና። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ስለ ኤችአይቪ መድሃኒት ጸበሉና መድሃኒቱ አይጋጩም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። እንደዛ ከሆነ አልቃወምም። ከሆስፒታል ይጀምር ካላችሁ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው አለ በይው እህቴ፣ ፍልሰታ ቢያልፈው ጸበሉ የትም አይሄድም።

ሲስተር ከድንገተኛ

የማርያም ልጅ አመሰግናለሁ ከልቤ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጾሙም በራሱ ለዚህ ሰው አይመችም፣ በእምነት ሳይሆን በሰውነት። እስከ 9 ሰአት ምግብም ውሃም አይቀምስም፣ በላብ ይወጣዋል፣ ጸበሉን ጠጥቶ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያለችው ጨውና ፖታሺየም አብራ ትወጣለች። ጤነኛ ሰው ይቋቋመዋል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ያለ፣ ወር ሙሉ በደንብ ያልበላ ሰው አይቋቋመውም። የታመመ ሰው ደግሞ ከንስሃ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ጾሙ እንደሚቀልለት እናንተ ታውቃላችሁ።

ፋርማሲስቱ

እኔ ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ የምፈራውን ልናገር። ሰው ይመጣና "ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ስጠኝ፣ ወንድሜ መጠጥ ሊያቆም ነው" ይላል። አዎ ዋናው ህክምና የዛ ቤተሰብ መድሃኒት ነው፣ ሆስፒታልም እሱን ነው የሚሰጡት፣ ግን የልብ ምቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን በየሰአቱ እያዩ መጠኑን እየቆጠሩ ነው። ጉበቱ የተጎዳ ከሆነ ዲያዜፓም ሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም ሎራዜፓም የሚመርጡት አሉ። ቤት ውስጥ በግምት ተሰጥቶት በላዩ ላይ መለኪያ ከጨመረበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ደግሞ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የለመደና እሱንም አረቄውንም አንድ ላይ ያቆመ ሰው አደጋው እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ጋሼ የሚውጠው ኪኒን ካለ ሀኪሙ ይወቅ። ትራማዶልም ከሆነ ንገሩት፣ እሱ በራሱ የሚጥል ነገር ይቀሰቅሳል። ሲቃዥ ማረጋጊያ ብለው የአእምሮ ህመም መርፌ ብቻውን የሚወጉም አሉ፣ ከነሱ ውስጥ መውደቁን የሚያቀርቡ አሉባቸው።

የአረቄውን መጠን ደግሞ ሰው አይረዳውም። ዳግም አረቄ፣ ሁለቴ የሚወጣው፣ 40 ፐርሰንት ነው ብንል ግማሽ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ንጹህ አልኮል አለ፣ ወደ 160 ግራም ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊው 5 ፐርሰንት ከሆነ 13 ግራም ነው። ማለት በቀን ግማሽ ሊትር የሚጠጣ ሰው 12 ቢራ ጠጣ ማለት ነው፣ በየቀኑ። የቤት አረቄ ደግሞ ከአንዱ ቤት አንዱ ይለያል፣ አንዳንዱ ከዚህም ይከብዳል።

ጫት ይቅማል እንዴ? ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ የሚጠጣ ሰው ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቀውም፣ ለሀኪም ሲናገር ግማሹን ነው የሚናገረው።

የሸዋዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳነብ አልቅሻለሁ። ጫት አይቅምም። ኪኒን እንደሚውጥ ግን አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ጃኬቱን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ዲያዜፓም አገኘሁ፣ አንድ ሉክ ሊያልቅ ሁለት ፍሬ ቀርቶታል። እና አምና ስላልኳችሁ፣ እማዬን ስጠይቃት ከዛ በፊትም እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንዴ አቁሞ ወድቆ ነበር አለችኝ፣ ደብቀውኛል። አሁን ምን ላርግ? ሀኪም ጋ እስክንደርስ ድረስ እንዳይጠጣ ልከልክለው ወይስ ይጠጣ?

ሲስተር ከድንገተኛ

ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ አንዴ ተቃዥቶ፣ በላዩ ዲያዜፓም። እህቴ ቤት አይሞከርም፣ ተኝቶ ነው ማቆም ያለበት። እስከዛ ድረስ አትከልክይው፣ መጠጡንም ኪኒኑንም ደብቀሽ በአንዴ እንዳታስቆሚው። ከለመደው ሳይጨምር ይቆይ፣ ኪኒኑን ከመጠጥ ጋር እንዳይደራርብ ንገሪው፣ ስንት እንደሚውጥም ጠይቂውና ጻፊ። ነገ ጠዋት ሪፈራል ሳትጠብቂ የውስጥ ደዌ ወይም የአእምሮ ሀኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤልም አለ። ይብላ፣ አጥሚትም ይሁን ሾርባ።

ስትገቢ ሶስት ነገር በአፍሽ ተናገሪ፣ እሱ እስኪናገር አትጠብቂ። በቀን ስንት እንደሚጠጣ። ሲያቆም ስንቴ እንደወደቀና እንደተቃዠ። የመጨረሻውን መጠጥ በስንት ሰአት እንደጠጣ። ሶስተኛው ሰአቱ ነው፣ ሰው ይረሳዋል፣ እኛ ግን መቼ እንደሚብስበት የምንቆጥረው ከዛ ሰአት ተነስተን ነው። እና ግሉኮስ ሊሰቅሉለት ሲሉ ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ተሰጥቶታል ወይ ብለሽ በትህትና ጠይቂ። በረጅም ጊዜ መጠጥ ታያሚን ያለቀበት ሰው ቢ1 ሳያገኝ ግሉኮስ ብቻ ሲገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፣ አረማመዱ ይበላሻል፣ አይኑ ይንቀጠቀጣል፣ ትውስታው ይጠፋል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም። ጥያቄሽን የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ዳግም ልደት

እህቴ ስትወስጅው "ላሳክምህ ነው" አትበይው፣ "ልታቆም ስለወሰንክ ነው የምንሄደው" በይው። እኔን እናቴ እንደዛ ነው ያለችኝ። ካስፈለገ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስልኬን እሰጥሻለሁ፣ እኔ አወራዋለሁ፣ በሌሊትም ቢሆን።

የሸዋዋ

አስተኝተውታል። መጀመሪያ ለዶክተሩ "ትንሽ ነው የምጠጣው" አለ፣ እኔ ግማሽ ሊትር ልል አፌን ስከፍት አየኝና ራሱ "አንድ ሊትር ይሞላል ዶክተር" አለ። እማዬ አጠገቡ ነበረች። ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችበት።

ቢ1 ጠየቅኩ፣ ነርሷ ቀድማ ሰጥታዋለች። የአልጋው ጎን ብረት ተነስቷል፣ በየሰአቱ መጥተው እጁን ዘርጋ ይሉታል፣ ይዘረጋል፣ ይጽፋሉ። ዳግም ልደት ደውሎለት ወደ ሃያ ደቂቃ አወሩ፣ ምን እንዳለው አልነገረኝም። የመጨረሻውን የጠጣው ትናንት ከምሽቱ 4 ሰአት ከሩብ ነው፣ ሲስተር እንዳልሽኝ ሰአቱን እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር የመጣሁት። ነገ ማታ 48 ሰአት ይሞላዋል፣ እኔ ነኝ የማድረው።